ቃልና መምህር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የንግግሬ መነሻ አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «ሰው ወደ አምላኩ ለመጸለይ መምህር ያስፈልገዋልን?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ በሂንዱዎች አምልኮ በኩል፣ ማለት ማንትራ በሚባለው የጸሎት ቃልና ጉሩ በሚባለው መምህር በኩል ልመረምረው አስቤአለሁ።

ምናልባት ከእናንተ አንዳንዶቹ «የአልዌሮን ልጅ ከሂንዱ ጋራ ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ግን እንደሚመስለው ሩቅ አይደለም። በአክሱም ዘመን የአዱሊስ ነጋዴዎች ከሕንድ ወደቦች ጋራ ይገበያዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 በደብረ ዳሞ ገዳም ከ100 የሚበልጡ የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ ሳንቲሞቹም ሰሜን ሕንድን ይገዙ የነበሩት የኩሻን ነገሥታት ናቸው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥትም ብዙ የሕንድ መምህራን በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። ከእነርሱ መካከል ከኬራላ የመጡ ብዙ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ሂንዱዎችም ነበሩባቸው። በዚህ አዳራሽ ካሉት አያቶቻችን አንዳንዶቹ የሒሳብ ቀመር የተማሩት ከነዚህ ሰዎች አፍ ነው። በቅርብ ዘመንም የሕንድ የእርሻ ኩባንያዎች ወደ ጋምቤላ መጥተው ነበር። ስለዚህ ጎረቤት የሆነን ሕዝብ ሃይማኖት ማወቅ ነውር አይደለም። ሳያውቁ መፍረድ ግን ነውር ነው።

ሁለተኛም ምክንያት አለኝ። እኔ ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያም «እያንዳንዱ ሰው መጽሐፍን ራሱ ያንብብ፣ ራሱም ይጸልይ» እየተባልን ተማርን። ኦርቶዶክስ የሆኑት ጓደኞቼ ግን የንስሐ አባት አላቸው። ከሙስሊም ጓደኞቼ ቤተ ሰብ ደግሞ ሼኽ የሚከተሉ አሉ። ስለዚህ የሂንዱዎች ጥያቄ በእኛም መካከል ያለ ጥያቄ ነው። ዛሬ በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ባለች ስልክ ሺህ ሰባክያን ስለሚናገሩ፣ ጥያቄው ከቀድሞው ይልቅ በርትቷል።

እንግዲህ ማንትራ ምንድር ነው? ቃሉ የሳንስክሪት ቃል ነው። «ማን» ማሰብ ማለት ሲሆን፣ «ትራ» የተባለው መጨረሻው መሣሪያን የሚያመለክት ነው። በአንድነት ሲነበብ የአሳብ መሣሪያ እንደ ማለት ይሆናል። ሂንዱው ይህን የተቀደሰ ቃል እየደጋገመ ይናገረዋል። አንዳንዱ ማንትራ አንዲት ድምፅ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ «ኦም» የሚለው። አንዳንዱ የአምላክ ስም ነው፤ ለምሳሌ «ራም» የሚለው። ሌላው ደግሞ ሙሉ ጸሎት ነው። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ጋያትሪ የተባለው ማንትራ የሚገኘው በሪግ ቬዳ ውስጥ ሲሆን፣ ድምፆቹ ተቈጥረው 24 ናቸው። በዚህ ጸሎት ምእመኑ በፀሐይ የሚመሰለው አምላክ አእምሮውን እንዲያበራለት ይለምናል።

ማንትራን መደጋገም ጃፓ ይባላል። ለመቍጠሪያም 108 ዶቃዎች ያሉት ክር ይያዛል። በክሩ ጫፍ ከ108ቱ የተለየች አንዲት ዶቃ አለች፤ ቈጣሪው እርስዋ ዘንድ ሲደርስ ሳይሻገራት ወደ ኋላ ይመለሳል። አደራረጉም ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ድምፅን ከፍ አድርጎ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ከንፈርን ብቻ እያንቀሳቀሱ በሹክሹክታ ማለት ነው፤ ሦስተኛው በልብ ብቻ ማለት ነው። በሕግ መጻሕፍታቸው ሹክሹክታው ከጩኸቱ ይበልጣል፤ የልቡ ግን ከሁለቱም ይበልጣል።

ይህን ስንሰማ «ያንኑ ቃል መቶ ጊዜ መደጋገም ምን ይጠቅማል? ጌታችን በወንጌል ከንቱ ድግግሞሽን ከልክሎ የለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታችን ቃል በማብዛታቸው የሚሰሙ የሚመስላቸውን ሰዎች ነቅፎአል። ዳሩ ግን በዚሁ ወንጌል በምዕራፍ 26 እርሱ ራሱ በጌቴሴማኒ ያንኑ ቃል ሦስት ጊዜ እንደ ጸለየ ተጽፎአል። በመዝሙረ ዳዊትም በግዕዙ ቍጥር 135ኛው፣ በሌላው ቍጥር 136ኛው የሆነው መዝሙር 26 ቍጥሮች አሉት፤ ሃያ ስድስቱም በአንድ ዓይነት ቃል ይፈጸማሉ። ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን በእግዚኦታ ጸሎት ምሕረትን 41 ጊዜ ይለምናሉ፤ 41 ወይም 64 ፍሬ ያለው መቍጠሪያም ይይዛሉ። ሙስሊሞች ወገኖቻችንም በሙስበሓ የፈጣሪን ስም ይቈጥራሉ። ስለዚህ የተነቀፈው መደጋገም አይደለም፤ ከንቱ መሆን ነው። አበው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። ቃልም በልብ ውስጥ እንዲሁ እግር የሚያወጣው በመመላለስ ነው። የሕንድ አባት የሚባሉት ማህተማ ጋንዲ በልጅነታቸው መናፍስትን ይፈሩ ነበር፤ ራምባ የምትባል ሞግዚታቸው የራማን ስም ደጋግመው እንዲጠሩ መከረቻቸው። ይህም የሕፃንነት ዘር እስከ ሽምግልናቸው ድረስ አብሮአቸው እንደ ኖረ ራሳቸው ጽፈዋል።

አሁን ወደ መምህሩ ልለፍ። ጉሩ የሚለው ቃል በመጀመሪያ ትርጕሙ ከባድ፣ ክብደት ያለው ማለት ነው። ሂንዱዎች ግን «ጉ ጨለማ ነው፤ ሩ የሚያስወግደው ነው» እያሉ ጨለማን አስወጋጅ ብለው ይፈቱታል። በብዙዎቹ ወገኖች ትምህርት፣ ማንትራ ከመጽሐፍ ተገልብጦ ቢያነቡት ሙሉ ኀይል የለውም፤ ጉሩው ለደቀ መዝሙሩ በጆሮው ሊነግረው ይገባል። ይህም ሥርዓት ዲክሻ ይባላል። ስለ ምን እንዲህ እንዳሉ ብንመረምር ሦስት ምክንያት እናገኛለን።

አንደኛው ምክንያት ድምፅ ነው። ቬዳዎች በጽሑፍ ከመስፈራቸው በፊት ለብዙ ትውልድ ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፉ ኖረዋል። አንዲት ድምፅ እንዳትሳሳት ተማሪዎች ቃሎቹን አንድ ጊዜ በተራ፣ አንድ ጊዜ ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ አንድ ጊዜም ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየመለሱ ያጠኑአቸዋል። በዩኔስኮ የሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2008 የገባው የቬዳ ዜማ በዚህ መንገድ የተጠበቀ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን ዜማ ቤት የገባ ተማሪ ድጓውን በብራና ላይ ያያል፤ ምልክቶቹም ከፊደሉ በላይ ተጽፈዋል። ሆኖም ከየኔታ አፍ ካልሰማ በቀር ምልክቱ ብቻውን አያዜምለትም። የቅኔ ተማሪም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መመጠን ነው። ሐኪም ለበሽተኞች ሁሉ አንድ መድኀኒት አይሰጥም። ጉሩም የደቀ መዝሙሩን ጠባይ፣ ዕድሜና ብርታት አይቶ የሚስማማውን ቃል ይመርጥለታል፤ ምን ያህል እንዲጸልይም ይወስንለታል። በእኛም ዘንድ የንስሐ አባት ለደካማውና ለብርቱው አንድ ዓይነት ጾምና ስግደት አያዝም።

ሦስተኛው ምክንያት ትሕትና ነው። ሰው ብቻውን ሲማር የራሱ ፈታኝ፣ የራሱም አራሚ ይሆናል። ከዚያም ሁል ጊዜ ለራሱ መቶ ከመቶ ይሰጣል። በሌላ ሰው ፊት ሲቀመጥ ግን አላዋቂነቱ ይገለጥበታል። ከጥንት የሕንድ መጻሕፍት አንዱ ደቀ መዝሙሩ ማገዶ ይዞ ወደ መምህሩ እንዲሄድ ያዝዛል። ማገዶው ለመምህሩ እሳት ነው፤ ደግሞም «ላገለግል መጥቻለሁ» የሚል ምልክት ነው። ለየኔታ እንጨት የለቀመና ውሃ የቀዳ የቆሎ ተማሪ ይህን ሳይተረጐምለት ያውቀዋል።

ከብት የሚያረቡ ወላጆች ልጆች በመካከላችን ብዙ ስለ ሆኑ፣ ቻንዶግያ ኡፓኒሻድ ከተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ አንድ ታሪክ በአጭሩ ልንገራችሁ። ሳትያካማ የሚባል ልጅ ለመማር ፈለገና እናቱን ጃባላን «ወገኔ ከማን ነው?» ብሎ ጠየቃት። እርስዋም በወጣትነትዋ በየቤቱ ስታገለግል እንደ ነበረችና የአባቱን ወገን እንደማታውቅ ነገረችው። ልጁ ወደ መምህሩ ወደ ጋውታማ ሄዶ፣ ዘሩን በተጠየቀ ጊዜ እናቱ የነገረችውን ሳይደብቅ ተናገረ። መምህሩ አላባረረውም፤ እውነትን አልሸሸህምና ማገዶህን አምጣ፣ እቀበልሃለሁ አለው። ከዚያም 400 ከስተው የደከሙ ላሞች ለይቶ ሰጠውና እንዲጠብቃቸው ላከው። ሳትያካማም 1,000 ሳይሞሉ እንዳይመለስ ወስኖ ወደ ምድረ በዳ ሄደ።

ዓመታት አለፉ። መንጋው 1,000 በሞላ ጊዜ በሬው ተናገረውና ስለ አምላክ የእውቀትን ሩብ አስተማረው። በመንገድ እሳት ሁለተኛውን ሩብ ነገረው፤ ዝይ ሦስተኛውን፣ ሌላ የውሃ ወፍ ደግሞ አራተኛውን ነገሩት። ከመምህሩ ቤት በደረሰ ጊዜ መምህሩ ፊቱ ሲያበራ አይቶ ማን እንዳስተማረው ጠየቀው። እርሱም ያስተማሩት ሰዎች እንዳልሆኑ ተናግሮ፣ ነገር ግን ከመምህር የተማሩት እውቀት ወደ ግቡ ያደርሳልና አንተ አስተምረኝ ብሎ ለመነ። መምህሩም ያንኑ ትምህርት ምንም ሳያጐድል አስተማረው።

ይህን ታሪክ ሳነብ ወዲያው የመጣልኝ አሳብ የቅዱስ ያሬድ ነገር ነበር። በትውፊታችን እንደሚነገረው፣ ያሬድ ትምህርት አልገባህ ብሎት ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ሸሽቶ በዛፍ ሥር ተቀመጠ። አንዲት ትል ዛፉን ለመውጣት ስትሞክር ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትደርስ አየ። በኋላም ዜማን ከሰማይ ወፎች ሰማ ይባላል። ነገር ግን ትሉ ካስተማረችው በኋላ ወዴት ሄደ? ወደ መምህሩ ተመለሰ እንጂ «ከእንግዲህ ትሉ ትበቃኛለች» አላለም። ሁለቱ ታሪኮች በሁለት አገር፣ በሁለት ሃይማኖት የተነገሩ ናቸው፤ የሚያስተምሩት ግን አንድ ነገር ነው። ፍጥረት ሁሉ ሊያስተምር ይችላል፤ የተማሩትን የሚያጸናው ግን መምህር ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ለጉሩ የሚከራከር ነው። ፍርድ ትክክለኛ እንዲሆን የሌላውም ወገን ነገር ሊሰማ ይገባል። ሕንዶች ራሳቸው ይህን ክርክር አልሸሸጉትም።

ማሃባራታ በተባለው ታላቅ የጦርነት ታሪክ ውስጥ ኤካላቭያ የሚባል የጫካ ነዋሪዎች ልጅ አለ። ቀስት ለመማር ወደ ታላቁ መምህር ወደ ድሮና ሄደ። ድሮና ግን የመሳፍንት ልጆች መምህር ስለ ነበረ ልጁን በትውልዱ ምክንያት መለሰው። ኤካላቭያም ወደ ጫካው ተመልሶ የድሮናን ምስል ከጭቃ ሠራ፤ በምስሉም ፊት ብቻውን እየተለማመደ ከመሳፍንቱ ልጆች የሚበልጥ ቀስተኛ ሆነ። ድሮና ይህን በሰማ ጊዜ መጥቶ የመምህርነቴን ዋጋ ክፈለኝ አለው። ዋጋውም የቀኝ እጁ አውራ ጣት ነበረ። ልጁ ሳያመነታ ቈርጦ ሰጠው፤ ከዚያም በኋላ እንደ ቀድሞው አልወረወረም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በትውልዱ ወይም በመልኩ ምክንያት ከትምህርት ደጅ የተመለሰ ልጅ ምን እንደሚሰማው በዚህ አገር ላለን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ጋያትሪ ማንትራም ቢሆን በጥንቱ ሥርዓት የሚሰጠው ለሦስቱ የበላይ ወገኖች ወንዶች ልጆች ብቻ ነበር። ሴቶችና ዝቅተኛ ተብለው የተቈጠሩ ሰዎች ተከልክለው ኖረዋል። ዛሬ ብዙ ሴቶችና ከየወገኑ ያሉ ሰዎች ይጸልዩበታል። እ.ኤ.አ. በ1950 የጸናው የሕንድ ሕገ መንግሥትም ሰውን አይነኬ ብሎ ማግለልን ሽሮአል። እንግዲህ መምህር ብርሃን የመሆኑን ያህል በር ዘጊም ሊሆን ይችላል። ጣት የሚያስቈርጥም አይታጣም።

ይህን በር ለመክፈት የተነሡ ሂንዱዎችም ነበሩ። በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዓመት የኖረው ራማኑጃ ስሙ የታወቀ የደቡብ ሕንድ መምህር ነው። ስለ እርሱ የሚነገረው ትውፊት እንዲህ ይላል። ከብዙ ምልልስ በኋላ አንድ ጉሩ ምስጢራዊውን ማንትራ ሰጠው፤ ለሌላ ብትናገር ገሃነም ትወርዳለህ ብሎም አስጠነቀቀው። ራማኑጃ ግን በቤተ መቅደሱ ግንብ ላይ ወጥቶ ሕዝቡን ሰበሰበና ቃሉን ለሁሉ አሰማ። ሲጠየቅም ብዙ ሰው የሚድን ከሆነ እኔ አንዱ ገሃነም ብወርድ ግድ የለኝም አለ። ጉሩውም ልቡ ተነክቶ አቀፈው ይባላል።

በ15ኛው መቶ ዓመት ደግሞ በቤናሬስ ከተማ ካቢር የተባለ ከሙስሊም ሸማኔዎች ቤት ያደገ ሰው ነበር። ትውፊቱ እንደሚለው የሂንዱው መምህር ራማናንዳ እንደማይቀበለው ስላወቀ፣ ጎሕ ሳይቀድ መምህሩ ወደ ጋንጅስ ወንዝ በሚወርድበት ደረጃ ላይ ተኛ። ራማናንዳም በጨለማ ረገጠውና ደንግጦ «ራም!» አለ። ካቢርም «እነሆ ማንትራዬን ተቀበልሁ» ብሎ ተነሣ። በቤንጋል እ.ኤ.አ. ከ1486 እስከ 1534 የኖረው ቻይታንያ ደግሞ የአምላክን ስም ለመጥራት ጊዜና ሥርዓት አያግድም ብሎ አስተማረ፤ ሕዝቡንም በየመንገዱ እያዘመረ አስከተለ። በፑንጃብ ምድር ከተነሡት ሲኮች መካከል አሥረኛው ጉሩ፣ ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ፣ እ.ኤ.አ. በ1708 ከመሞቱ በፊት ከእንግዲህ ሰው ጉሩ አይኖርም፣ ጉሩአችሁ ቅዱሱ መጽሐፍ ነው ብሎ አዘዘ። ጋንዲም ስለ ራሳቸው ሲጽፉ የጉሩን አስፈላጊነት እንደሚያምኑ፣ ነገር ግን በልባቸው ዙፋን ላይ የሚያስቀምጡትን ጉሩ እንዳላገኙ ተናግረዋል።

እንግዲህ የሚሲዮን ተማሪ የሆንሁት እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ ወዴት ልቁም? በመጀመሪያ የምለይበትን ነጥብ ልናገር። ብዙ ሂንዱዎች ጉሩን እንደ አምላክ ራሱ አድርገው ያከብሩታል። ይህን እኔ ልቀበለው አልችልም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ጌታችን ለደቀ መዛሙርቱ መምህራችሁ አንድ ነው፣ እናንተ ሁላችሁ ወንድማማች ናችሁ ብሎ አስተምሮአል። በእኔና በአምላኬ መካከል ሰው ዙፋን ዘርግቶ ሲቀመጥ ዝም ብዬ አላይም።

ሆኖም «መምህር አያስፈልግም» የሚለውን አሳብ ደግሞ አልደግፍም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአሜሪካ ፕሬስቢተሪያን ሚሲዮን ሰዎች በባሮ ወንዝ ዳር በፖክዎ በሠፈሩ ጊዜ ሕዝቡ መጽሐፍን ለየራሱ እንዲያነብ ፈለጉ። ነገር ግን መጽሐፉን በዛፍ ላይ ሰቅለው አልሄዱም። ተቀምጠው ፊደል አስቈጠሩ፤ ቋንቋውን ተምረው በቋንቋው ተናገሩ። «ራስህ አንብብ» የሚለውን ቃል እንኳ የሰማነው ከመምህር አፍ ነው። ያለ መምህር የማንበብ ነጻነትም በመምህር እጅ የተሰጠ ስጦታ ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈው የአገራችን ሰው፣ የህንደኬ ጃንደረባ፣ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። መጽሐፍ ነበረው፤ ማንበብ ያውቅ ነበር፤ ባለ ሥልጣንም ነበር። ፊልጶስ የምታነበው ይገባሃልን ብሎ በጠየቀው ጊዜ ግን የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይሆንልኛል ብሎ መለሰ፤ ወደ ሠረገላውም አስወጣው። ይህ መልስ የሂንዱዎቹን ደቀ መዝሙር ማገዶ ይመስላል። ከዚያም በኋላ የሆነውን አስተውሉ። ጃንደረባው ከተጠመቀ በኋላ ፊልጶስ ከዓይኑ ተሰወረ፤ ጃንደረባው ግን ደስ እያለው መንገዱን ሄደ። እውነተኛ መምህር እንዲህ ነው። አብሮ ይቀመጣል፤ ያስረዳል፤ ከዚያም ይሰወራል። ተማሪው መምህሩን አጥቶ ደስታውን ካላጣ በእውነት ተምሮአል።

ይህን ነገር በዓይናችን በምናየው ነገር ልመስለው። አልዌሮ ግድብ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው 10,000 ሄክታር ገደማ መሬት ያጠጣል ተብሎ ነበር። ውሃው ተጠራቀመ፤ ዓሣም አፈራ። ነገር ግን መስኖው እንደ ታሰበው ሳይዘረጋ ብዙ ዓመታት አለፉ። ከግድቡ በታች ያለው ገበሬ ባሕር የሚያህል ውሃ በአጠገቡ እያለ ደመናን ይለምን ነበር። መጻሕፍቱ፣ ዛሬም ስልኮቻችን፣ እንደዚህ ያለ ግድብ ናቸው። የዓለም እውቀት ተጠራቅሞባቸዋል። መምህር ግን ቦይ ነው። ውሃውን እርሱ አልፈጠረውም፤ ለራሱም አያስቀረውም። ከትልቁ ውሃ ለዚህ ማሳ የሚበቃውን መጥኖ ያደርሳል። ውሃውን ዘግቶ የሚያስከፍል ቦይ ግን ቦይ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ግድብ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ ብዙ መምህራንና ብዙ መምህር ነን ባዮች ያጋጥሙናል። ጸሎት እሰጣችኋለሁ የሚል፣ ትንቢት እነግራችኋለሁ የሚል፣ ገንዘብ አምጡና ትፈወሳላችሁ የሚል በየከተማው አለ። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህ ነው። መምህርን የምንመዝንበት ሦስት ሚዛን ከተናገርኋቸው ታሪኮች ይገኛል ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ፣ መምህሩ ራሱ የማን ተማሪ ነበር? የሕንድ መጻሕፍት እውነተኛው ጉሩ ሁለት ነገር ሊኖረው ይገባል ይላሉ፤ ይኸውም ትምህርቱን ከቀደሙት የተቀበለ፣ ደግሞም በተማረው የሚኖር መሆን ነው። ያልተማረ ያስተምራል፣ የተማረውን የማይኖርም ያስታል።

ሁለተኛ፣ ከእኛ የሚጠይቀው ምንድር ነው? ጋውታማ ላሞቹን እንድንጠብቅ ያዝዘናል፤ ከዚያ ሥራ ብርታትና ትዕግሥት እናተርፋለን። ድሮና ግን ጣታችንን ይጠይቀናል። ትጋትን የሚጠይቅ መምህር እንዲገዛን እንፍቀድለት። የምንሠራበትን እጅ፣ የምናስብበትን አእምሮ፣ ወይም የወላጆቻችንን ጥሪት የሚጠይቀውን ግን እንሽሸው።

ሦስተኛ፣ ቃሉን ለማን ይሰጣል? በዘር፣ በቋንቋና በጾታ ለይቶ በሩን የሚዘጋ ገና መምህር አልሆነም። እንደ ራማኑጃ በግንብ ላይ ወጥቶ ለሁሉ የሚናገር ግን መምህር ነው። በክልላችን አኙዋክና ኑዌር፣ መዠንገር፣ ኦፖና ኮሞ፣ ከደጋም የመጡ ወገኖቻችን በአንድ ክፍል ተቀምጠን የተማርነው በሩ ለሁላችን ስለ ተከፈተ ነው። ይህ በር በደም ቀን እንኳ እንዳይዘጋ የደከሙ መምህራን በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል።

ውድ የ12ኛ ክፍል ጓደኞቼ፣ ዛሬ ስንደሰት የምንለያይበትም ቀን እየቀረበ ነው። ከመካከላችን ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ አብራሪ ለመሆን የሚመኝ ብዙ ነው፤ ምኞቱም መልካም ነው። ነገር ግን እጠይቃችኋለሁ፤ ከመካከላችን መምህር የሚሆነው ማን ነው? በአልዌሮ ወንዝ ዳርና በጊሎ ማዶ ባሉት መንደሮች ሕፃናት ዛሬም መምህር ይጠብቃሉ። ስለ መምህር ክብር አምሮ የሚነገር ንግግር፣ መምህር ለመሆን የሚፈቅድ ከሌለ፣ በልብ ያልተጸለየ ጸሎት ነው፤ በከንፈር ብቻ ይቀራል።

ክቡራን መምህራኖቻችን፣ እኛ ለእናንተ ያመጣነው ማገዶ ጥቂት ነው። ዘግይተን መጥተናል፤ አስቸግረናል፤ ያንኑ ትምህርት ብዙ ጊዜ አስደግመናችኋል። እናንተ ግን ያንኑ ቃል ሳትሰለቹ ደገማችሁልን፤ መደጋገም ከንቱ አለመሆኑንም በሥራችሁ አሳያችሁን። የተከበራችሁ ወላጆቻችን፣ ከላማችሁና ከማሳችሁ ላይ ቀንሳችሁ ስለ ላካችሁን እጅ እንነሣለን።

ለጥያቄዬ የማቀርበው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ጸሎትን የሚሰማ አንዱ ፈጣሪ ነው፤ ለመስማትም አማላጅ ደላላ አያስፈልገውም። እኛ ግን መናገርን ከእናት አፍ እንደ ተማርን ሁሉ፣ መጸለይንና ማሰብንም ከሰው አፍ እንማራለን። መምህርን እናክብር፤ እንመዝንም፤ ከእርሱ የተቀበልነውንም ቃል ለሚከተለን ሳንነፍግ እናስተላልፍ።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ፤ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን ረዥም ዕድሜና ጤና ይስጥልን።